የግራ ጎማና የባላምባራስ ካፖርት

ከቡሬ ወደ ጎሬ ስትመጡ መንገዱ ከጫካው ወጥቶ ገላጣ ቦታ ላይ ይደርሳል። እዚያ በስተቀኝ አንዲት ጉብታ አለች። በወረቀት የሰፈረ ስም የላትም። እኛ የጎማ ጉብታ እንላት ነበር፤ ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጠራት ከእኔ በቀር የለም። የልጅ ልጆቼ የጦር ሜዳውን ይንገሩን ሲሉኝ የሰሜኑን፣ የአውሮፕላኑን ማለታቸው ነው። የሰሜኑን ከእኔ አሳምሮ የሚነግራቸው ሰው ሞልቷል። የዚችን ጉብታ ነገር ግን ሌላ የሚያውቅ ስለሌለና ሳልናገር እንዳልሞት ስለፈራሁ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ጣልያን ድንበር ተሻገረ ተብሎ የክተት ነጋሪት በመቱ ከተማ ከተጎሰመ ሳምንታት አልፈዋል። ጦራችን ቅዳሜ ንጋት ላይ እንዲነሳ ተቆርጧል። ጠመንጃ ነበረን፤ ጥይት አልነበረንም። ጥይቱ በባሮ ወንዝ ጋምቤላ ደርሶ፣ ከዚያ በበቅሎ ቡሬ ወጥቶ ተቀምጧል። ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለቃችን ባላምባራስ ግቢያቸው ውስጥ አሰለፉን።

«ሃያ ሰው ይዘህ ቡሬ ትወርዳለህ» አሉኝ። «ጥይቱ በካሚዮን ይጫናል። እስከ ዓርብ ማታ እዚህ ካልደረሰ በዱላ ልንዋጋ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» ብዬ እጅ ነሳሁ።

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ሃምሳው ስሙ ነው እንጂ ከሃያ ሰው በላይ አዝዤ አላውቅም።

ካሚዮኗ ከአንድ የቡና ነጋዴ የተወሰደች አሮጌ መኪና ናት። ሾፌሯ ገመቹ ይባላል። የሁሩሙ ልጅ ነው፤ አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ልጆች ሳለን በገበያ ቀን የማር ቅል ይዞ በጓሯችን በር ይመጣ ነበር። እናቴ ማሩን በጣቷ ቀምሳ ትወስድለታለች፤ በዋናው በር ግን ገብቶ አያውቅም። የእኔ አባት ከሸዋ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ይህን ልዩነት ማንም አይነግረንም፤ ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ታዲያ ያ የማር ልጅ ነጋዴው ዘንድ ገብቶ፣ ዘይት ሲጠርግ ኖሮ፣ መንዳት ተማረ። መቱ ሲገባ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ሹማምንቱ ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል። እኔ በበቅሎ ባልፍ አንገቱን የሚያዞር የለም። ቀናሁበት። ለብዙ ዓመት ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ኩራት ነው፣ ክብር ነው እያልኩ። ቅናት ነው።

ይባስ ብሎ ካፖርቱ መጣ። ባላምባራስ አመድማ ካፖርት ነበራቸው፤ የነሐስ ቁልፎች ያሉት፣ ግራ ክርኑ ላይ ባለቤታቸው በቀይ ክር የጠቀሙት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ካፖርት ከኋላ ከኋላ ስከተል ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ይሸልሙኛል ብዬ ለሚስቴም ነግሬአት ነበር። እሳቸው ግን የዚያን ሳምንት እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሰው ሁሉ ፊት አውልቀው ገመቹ ትከሻ ላይ ጣሉት።

«መንገዱ ይበርዳል፤ ልበሰው ልጄ» አሉት።

እኔን ልጄ ብለውኝ አያውቁም።  ገመቹ ሰኞ ለብሶት ሁሩሙ ሄደና እናቱን ተሰናብቶ ተመለሰ። እናቱ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካች ስታለቅስ ዋለች ብሎ ለወታደሮቹ ሲያወራ ሰማሁት። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

ማክሰኞ ልንነሳ ስንል የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከፊት ይቀመጡ እንጂ» አለኝ።

«ከሰዎቼ ጋር እሆናለሁ» አልኩት። በዓለም ላይ እንደዚያ ወንበር የተመኘሁት ነገር አልነበረም። እሱ ስለሰጠኝ ብቻ እምቢ አልኩ። ከኋላ አቧራ እየጠጣሁ ሄድኩ።

ጎሬ ከመድረሳችን በፊት የቀኙ ጎማ ተነፈሰ። ገመቹ ክሪኩን ሸጉጦ መኪናዋን አነሳና መፍቻውን ወደ ግራ እያዞረ ጎማውን የያዙትን ስድስት ዳዶዎች ፈታ። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ይሄው ነው እንዴ? አልኩ በልቤ። ለዚህ ነው አገር ደጅ የሚወጣለት? ጎሬ አደርን። ረቡዕ ቡሬ ገብተን ሳጥኖቹን እስኪመሽ ጫንን።

ሐሙስ ማለዳ ደግሞ የፊት የግራ ጎማዋ ተንፍሶ አገኘነው። ገመቹ ለመኪናዋ ውሃ ሊቀዳ ወንዝ ወርዷል። ሰዎቼ ከበው ቆሙ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ደምሴ፣ ከአባቴ ጋር አብረው የዘመቱ ሰው፣ ጎማውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እስኪመለስ እንጠብቀው» አሉ።

«ስድስት ዳዶ መፍታት ሾፌር አይፈልግም» አልኩና ሰዎቹን ገመድ እንዲያጠብቁ ወደ ኋላ ላክኋቸው። ሲመለስ አልቆ እንዲያገኘው ፈለግሁ። አንድ ጊዜ እንኳ የእሱን ሥራ ያለ እሱ ሠርቼ ፊቱን ልየው ብዬ።

መፍቻውን እንዳየሁት ወደ ግራ አዞርኩ። አልነቃነቅ አለኝ። ጫፉ ላይ በእግሬ ቆሜ ረገጥኩት። ጧ አለ። ብሎኗ ከነዳዶዋ ተቆርጣ እግሬ ሥር ወደቀች። ይህቺ ዝጋ ነበር ብዬ ወደ ሁለተኛዋ ሄድኩ። እሷንም ረገጥኳት። አቃሰተች። ጎንበስ ብዬ ሳያት ሥሯ ላይ ቀጭን ነጭ ስንጥቅ ወጥቶባታል። ያኔ መፍቻውን አስቀመጥኩ። ስባሪዋን አንስቼ ከጥይቶቼ ጋር ዝናሬ ውስጥ ከተትኳት።

ጋሼ ደምሴ ብቻ ነበሩ ያዩኝ።

«ሁለተኛዋንም ንገረው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ገመቹ ውሃውን ይዞ መጣ። ብሎኗ የተቆረጠችበትን ቦታ አየ፤ ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገውም። አልተቆጣም።

«የግራ ጎማ በተቃራኒው ነው፣ ሃምሳ አለቃ» አለኝ። «ወደ ቀኝ ይፈታል፤ ወደ ግራ ይጠብቃል። እየተሽከረከረ እንዳይላላ ብለው ነው እንዲህ የሚሠሩት። እኔም አላውቅም ነበር፤ ነጋዴው በጥፊ ነው ያስተማረኝ።»

አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ሁለት ሰዓት ይስጡኝ። ትርፍ ብሎን አለኝ፤ ልቀይራት።»

ሊቀይር እስከ ውስጥ ከፈታው ሁለተኛዋንም ያያታል። ሰዎቼም አሁን ተሰብስበዋል። «ጊዜ የለንም» አልኩት።

«እንግዲያው በአምስቱ እንሄዳለን። ሌላ የተነካ አለ?»

«የለም።»

ጋሼ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። ገመቹ የተነፈሰውን ጎማ ቀይሮ ዳዶዎቹን ማጥበቅ ያዘ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ዳዶዋ ሲጥ አለች። እጁን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን አዞርኩ። መፍቻውን ወደሚቀጥለው አሳለፈ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ጭነቱ ከባድ ነው፤ መንገዱ ጭቃ። ግማሾቻችን በእግር እንከተላለን። ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ጉብታዋ ሥር ስንደርስ የግራው ጎማ መንገዳገድ ጀመረ። ገመቹ ቶሎ አቆማት። ሁለተኛዋ ብሎን ተቆርጣለች። ጎረቤቷም ጭነቱን ብቻዋን መሸከም አቅቷት ተከትላታለች። ስድስት የነበሩት ሦስት ቀሩ።

«በዚህ አትሄድም» አለ ገመቹ። «ሁለት ብሎን አለኝ። ሁለቱን ካስገባሁ ጎሬ እንገባለን።»

ካፖርቱን አውልቆ ጋቢናው ውስጥ ሰቀለና ሥራውን ጀመረ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጥ የሳጥን ክዳን አነጠፍንለት። ጎማውን አወጣ። የመሃሉን ክዳን፣ ከዚያ ትልቁን ዳዶ ፈታና ብሎኖቹ የተተከሉበትን ከበሮ መሳይ ብረት ጎትቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ገና መዶሻውን ሲያነሳ ከጫካው በኩል ተኩስ ተከፈተ።

ሽፍቶች ነበሩ። ያን ሰሞን ለጥይት የማይገድል አልነበረም። ስንት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእኛ ይበዛሉ።

«ጉብታውን ያዙ!» አልኩ። አሥራ ሁለት ሰው ወጣ። ጋሼ ደምሴ ውጅግራ ጠመንጃቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። የቀረነው ከካሚዮኗ ጀርባ ተኛን። ጥይቱ ሳጥኖቹን እየመታ ሳንቃ ይበትናል። ተኮስን። ጎረስን። ተኮስን። ዝናሬ ውስጥ እጄን ስሰድ ጣቴ ስባሪዋን ነካ። ጥይት መስላኝ አወጣኋት። መልሼ ከተትኳት።

አምስት ሰዓት ላይ ሽፍቶቹ ወደ ጉብታው ሮጡ። መለስናቸው። አበራ የሚባል የመቱ ልጅ፣ ከጎኔ ተኝቶ ሲተኩስ የነበረ፣ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ውሃ ሊጠጣ የተደፋ መስሎኝ ነበር። ከጉብታው ላይ አንዱ ጮሆ ተጣራ፤ «ጋሼ ደምሴ ተመቱ!»

«ክፉኛ?» አልኩ።

ጎርሼ ተኮስኩ።

«ሃምሳ አለቃ!» ገመቹ ነው። ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ላቡ ይንጠባጠባል። «አንድ ሰው ይምጣልኝ። ከበሮውን የሚይዝ።»

ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር። ራሴ ሄድኩ። ቁራጮቹን እያንዳንዳቸውን በመዶሻ ከፊት ወደ ኋላ መትቶ አስወጣቸው። ሁለቱን አዲስ ብሎኖች በዘይት ከተነከረ ጨርቅ ውስጥ ፈታ። በሙሽራ እጅ ላይ ቀለበት የሚያጠልቅ ይመስል በእርጋታ ከኋላ በኩል ከተታቸው፤ ጥርሶቻቸው ብረቱን እስኪነክሱ መታቸው። እኔ ይዤለታለሁ። ጥይት በላያችን ያልፋል።  እንዲያ ሆኖም፣ ሰዎቼ እየሞቱ፣ እጁን እያየሁ ቀናሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ሆኗል።

ከበሮውን መልሶ ትልቁን ዳዶ አሰረ። ጎማውን አብረን አንስተን አስገባነው። ሁለት ዳዶ እንዳሰረ ተመታ። ከጎኑ፣ ከወገቡ በላይ። ተቀመጠ። መፍቻውን ወደ እኔ ገፋው። ያዝኩት። ድንጋጤ ሲይዘኝ እጄ ወደለመደው ሄደ፤ ወደ ቀኝ ማዞር ጀመርኩ።

«ገረ ቢታ!» ብሎ ጮኸ። ሲያመው በእናቱ ቋንቋ አመለጠው። ወደ ግራ ማለቱ ነው። «ገረ ቢታ! ሱታ፣ ሱታ።»

ወደ ግራ፣ ቀስ እያልኩ፣ የቀሩትን ሦስት ዳዶዎች አጠበቅሁ። አልሰበርኩም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ተኩሱ ሳሳ። ጉብታውን የያዙት ሰዎች ጋሼ ደምሴን ተሸክመው ወረዱ፤ አርፈው ነበር። አበራንም አነሳን። ከመካከላችን ከገመቹ በቀር መንዳት የሚችል የለም። ቁስሉን በነጠላ ጠቅልለን፣ ካፖርቱን አልብሰን፣ መሪው ፊት አስቀመጥነው።

«አንተ ከፊት ና» አለኝ። አንተ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንደዚያ ሆኖ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። እስከ ጎሬ ድረስ ነዳ። ማርሽ ሲለውጥ እኔ ዘንጉን አብሬ እገፋለታለሁ። ብዙ አልተናገረም። ግማሽ መንገድ ላይ ብቻ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ እንዲህ አለኝ፤

«ዳዶዋ ሲጥ ስትል አውቄ ነበር። ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«በረደህ?» አልኩት።

«ካፖርቱ አለ» አለ።

ጎሬ ገብተን ገበያው ዳር አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። ፍሬኑን ሳበ። በሩን ልከፍትለት ዞሬ ስመጣ አልፏል።

ጥይቱ በበቅሎ ተከፋፍሎ ዓርብ መቱ ገባ። ባላምባራስ ሌሊቱን ተጉዘው ለቀብሩ ደረሱ። ሦስቱንም ዓርብ ጠዋት ጎሬ ቀበርናቸው። ባላምባራስ ገመቹ መቃብር ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እኔ ብሞት እንዲህ አያለቅሱልኝም ብዬ አሰብኩ። አፈሩ ውስጥ ገብቶ እንኳ ቀናሁበት።

«ጎማውን ምን አገኘው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ብረቱ አርጅቶ ነው ጌታዬ» አልኳቸው።

«የጨረስከውስ አንተ ነህ አሉኝ፤ በጥይት መካከል።»

«አዎ።»

ካፖርቱን አምጥተው በእጃቸው አለበሱኝ። ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከቁልፍ ቀዳዳ አትበልጥም፤ ደሙን ሴቶቹ አጥበውታል። «በርታ፣ ልጄ» አሉኝ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው።

ቅዳሜ ንጋት ጦሩ ከመቱ ተነሳ። እኩለ ቀን ላይ በሁሩሙ አለፍን። ቀኑ ብርዳማ ነበር፤ ካፖርቱን ለብሻለሁ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ሰው እንዲያየኝም ነው። የሁሩሙ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ይሸኘናል። ሲያዩኝ ፊታቸው ለምን እንደሚጠቁር አልገባኝም ነበር። ኋላ ነው የሰማሁት፤ የገመቹ ሞት ዓርብ ማታውኑ ሁሩሙ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ደንቡ እሁድ ማለዳ ተሰብስበው ሊያረዷት ከእናቱ ከእትዬ ጫልቱ ደብቀውታል። ከዚያ ሁሉ ሰው የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«ገመቹ ኮ!»

የኔ ገመቹ ማለቷ ነው፤ ሰልፉን ሰንጥቃ እየሮጠች መጣች። ፊቴን አላየችም፤ የነሐሱን ቁልፎችና የክርኑን ቀይ ክር ነው ያየችው። እጅጌዬን ጨብጣ ሳመችው። ከዚያ ቀና አለች።

በጓሯችን በር ልጇን ይዛ የመጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ። እሷም እኔን ታውቀኛለች።

«የልጄ ልብስ አይደለም እንዴ ይሄ?» አለችኝ። «እሱስ?»

ሽማግሌዎቹ ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። መርዶ ሰልፍ ላይ አይነገርም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ደንቡን ብዬ አይደለም። ከነገርኳት እንዴት ሞተ ትለኛለች።

«ከኋላ ነው፣ እትዬ» አልኳት። «መኪናዋን እያመጣ ነው። ካፖርቱን አውሶኝ ነው።»

«ተባረክ» አለችኝና እጅጌውን ለቀቀችው። ወደ መንገዱ ዳር ተመልሳ ቆመች። ጦሩ ረጅም ነበር። ከፊታችን ያለው ዳገት ላይ ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። የመጨረሻው በቅሎ አልፏል። እሷ ግን መኪና ይመጣበታል ብላ ወደ መቱ አቅጣጫ እያየች ቆማለች።

ካፖርቱን እዚያው ዳገት ላይ አወለቅሁት። ሰሜን ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳ አልለበስኩትም። ከሰሜን ስመለስ እትዬ ጫልቱ ሞታ ጠበቀችኝ፤ መንገዱን ግን እስከ መጨረሻው ስታይ እንደነበር ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። ካፖርቱ ዛሬ አልጋዬ ሥር ሳጥን ውስጥ ነው። የብሎኗ ስባሪ ኪሱ ውስጥ አለች። የልጅ ልጆቼ አግኝተዋት ምንድን ናት ሲሉኝ የጠላት ጥይት ናት ብያቸው ነበር።

በጎማ ጉብታ የሞቱብን ሦስት ናቸው፤ ጋሼ ደምሴ፣ አበራ፣ ገመቹ። ሰው ሲጠይቀኝ ሽፍታ ገደላቸው እያልኩ ስቆጥር ኖርኩ። ባላምባራስም እንዲያ ብለው አስመዝግበዋል። ይህን የጻፍኩት የልጅ ልጆቼ ሦስቱን ከሽፍታው ቁጥር አውጥተው ወደ እኔ እንዲያዞሯቸው ነው።